አራት ዋዜማዎች፦ የ‹አሜሪካን ግራፊቲ› ተከታይ ጓደኛሞቹን ለምን በተናቸው?

የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ዛሬ አዲስ ታሪክ ከመሞከር ይልቅ የታወቀውን ማራዘም ይመርጣሉ። በ2024 በዓለም ገበያ ከፍተኛ ገቢ ካስገቡት አሥር ፊልሞች መካከል ዘጠኙ የቀድሞ ፊልም ተከታዮች ወይም ከቀድሞው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርኩ ነበሩ፤ አሥረኛውም ቢሆን ለዓመታት በመድረክ ሲታይ ከኖረ ሙዚቃዊ ተውኔት የተወሰደ ነው። ስቱዲዮውና ተመልካቹ የተግባቡበት ነገር ግልጽ ነው፤ ተመልካቹ የወደዳቸውን ሰዎች በወደዳቸው ሁኔታ መልሶ ያገኛቸዋል፣ ስቱዲዮውም ፊልሙን ለማስተዋወቅ አይቸገርም። ከዚህ መግባባት የሚያፈነግጥ ተከታይ ምን እንደሚገጥመው ለመመርመር ግን ኦገስት 3 ቀን 1979 ለእይታ ከበቃው ‹ሞር አሜሪካን ግራፊቲ› የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ፊልሙ የተወደዱትን ወጣት ጓደኛሞች በእርግጥ መልሶ አምጥቷል፤ ያመጣቸው ግን ነጣጥሎ፣ እያንዳንዳቸውን በሌላ ዓመት፣ በሌላ ቦታና በሌላ የካሜራ አያያዝ ነው። ብዙው ተመልካች ይህን አልወደደለትም፤ ተቺዎችም አልራሩለትም። ፊልሙን ለውድቀት የዳረገው ነገርና ዛሬም እንዲታይ የሚያደርገው ነገር ግን አንድ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስድሳዎቹ የአብዮቱን ዓመታት ስለሚጨምሩ፣ እንዳይምታታ አስቀድሞ መናገሩ ይሻላል።)

መነሻው በ1973 የወጣው ‹አሜሪካን ግራፊቲ› ነው። ጆርጅ ሉካስ ያደገባትን የካሊፎርኒያ ከተማ ሞዴስቶን መቼቱ አድርጎ፣ በ1962 በጋ ማብቂያ ላይ ያለፈን አንድ ሌሊት ይተርካል። ከርት እና ስቲቭ በማግስቱ ወደ ሩቅ ኮሌጅ ሊሄዱ ተቃርበዋል፤ ጆን ሚልነር ቢጫ ቀለም በተቀባች የ1932 ፎርዱ በከተማው ጎዳናዎች የሚቀድመው ያላገኘ ነጂ ነው፤ ጓደኞቹ ‹ጉርጡ› እያሉ የሚጠሩት ባለ መነጽሩ ቴሪ ደግሞ ለአንድ ሌሊት በተዋሰው መኪና ልጃገረድ ለመማረክ ይታገላል። ከመኪኖቹ ሬዲዮ የሚንቆረቆረው ሙዚቃና የሬዲዮ አቅራቢው የዎልፍማን ጃክ ድምፅ አራቱንም ታሪኮች በአንድ ክር ይሰፋቸዋል። ከ800 ሺህ ዶላር በታች የወጣበት ይህ ሥራ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ሲሆን፣ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ያለውን ጨምሮ ለአምስት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቷል።

የፊልሙ ኃይል ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ሌሊቱ ነግቶ የከርት አውሮፕላን ሰማዩ ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ የአራቱ ወጣቶች ፎቶግራፎች ከአጫጭር መግለጫዎች ጋር ብቅ ይላሉ። ሚልነር በዲሴምበር 1964 ሰክሮ የሚያሽከረክር ሰው ገጭቶት ሞቷል። ቴሪ በዲሴምበር 1965 ቬትናም ውስጥ አን ሎክ አጠገብ በውጊያ ላይ ጠፍቷል። ስቲቭ እዚያው ሞዴስቶ የኢንሹራንስ ወኪል ሆኗል፤ ከርት ደግሞ በካናዳ የሚኖር ጸሐፊ ነው። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር የለም። በ1973 አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው በእነዚህ አራት መስመሮችና ባየው ሌሊት መካከል ምን እንዳለፈ ያውቃል፤ ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ተገድሏል፣ በማርች 1965 የባሕር ኃይል እግረኞች ዳ ናንግ ላይ ወርደዋል፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በሰልፍ ተናውጠዋል። ፊልሙ ያንን ሁሉ ለተመልካቹ ትዝታ ትቶ ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ሲሳቅበት ያመሸውን ሌሊት በአንድ ጊዜ ወደ ኀዘን ይለውጠዋል።

እንግዲህ የተከታዩ ፊልም ችግር ከመጀመሪያው ይህ ነበር። ማን እንደሚሞት፣ የት እንደሚሞትና በየትኛው ወር እንደሚሞት አስቀድሞ ተነግሯል። ታሪኩን የሚቀጥል ሰው ተመልካቹን ‹ከዚያስ ምን ሆነ?› በሚል ጉጉት ሊይዘው አይችልም። ሊሠራ የሚችለው በዝምታ የታለፈውን በምስል መሙላት ብቻ ነው፤ ይህም ዝምታው ራሱ ትልቁ ውበት ለሆነ ሥራ አደገኛ ሥራ ነው። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግን ተከታዩን ይፈልገው ነበር፤ ‹ጆውስ 2›ን በ1978 አውጥቶ ተጠቅሞበታል። በ1977ቱ የጠፈር ጦርነት ፊልሙ ዓለምን ያናወጠው ሉካስ ዳይሬክተርነቱን ሳይወስድ ዋና ፕሮዲዩሰር ሆነ፤ ድርሰቱንና ዳይሬክቲንጉን ለቢል ኖርተን ሰጠ።

የተመረጠው መንገድ በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ብልህ ነው። ታሪኩ በአራት ተከታታይ የአዲስ ዓመት ዋዜማዎች፣ ማለትም በ1964፣ በ1965፣ በ1966 እና በ1967 ዲሴምበር 31 ቀን ይካሄዳል፤ አራቱ ቀናት ግን በየተራ አይተረኩም። አንድ ቀን እንደሆኑ ሁሉ እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ አራቱም ጠዋት ይጀምራሉ፣ አራቱም እኩለ ሌሊት ላይ ይደርሳሉ። ተመልካቹ እንዳይደናገር እያንዳንዱ ዓመት የራሱ መልክ ተሰጥቶታል። የ1964ቱ የመኪና እሽቅድድም በሰፊ ምስልና ብዙም በማይነቃነቅ ካሜራ ተቀርጿል። የ1965ቱ የቬትናም ክፍል በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በእጅ በተያዘ ካሜራ፣ ጠበብ ባለና ቅንጣቱ በሚታይ ምስል የጦር ሜዳ ዘጋቢዎችን ሥራ እንዲመስል ተደርጓል። የ1966ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ክፍል በ1970 በወጣው የዉድስቶክ ዘጋቢ ፊልም በታወቀው ስልት ስክሪኑን ለሁለት፣ ለሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ቁራጭ ይከፋፍለዋል። የ1967ቱ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ክፍል ከሁሉም ይልቅ ለተለመደው አሠራር የቀረበ ነው።

የዚህ ምርጫ ዋጋ የሚታየው ወዲያው ነው። አራቱ ጓደኛሞች በመጀመሪያው ፊልም በአንድ ጎዳና ላይ ሲዞሩ ደጋግመው ይገናኙ ነበር፤ አንዱ የሌላውን መኪና ይዋሳል፣ አንዱ የሌላውን እህት ይወዳል፣ አንዱ ለሌላው ይደባደባል። በሁለተኛው ፊልም ተሰባስበው የሚታዩት በ1964ቱ ክፍል ብቻ ነው፤ ስቲቭ ካረገዘች ሚስቱ ከሎሪ ጋር፣ ቴሪም ወደ ቬትናም ሊዘምት የወታደር ልብስ ለብሶ ከፍቅረኛው ከዴቢ ጋር ሚልነርን እሽቅድድሙ ቦታ ድረስ መጥተው ይጎበኙታል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በየፊልሙ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል፤ ቴሪ ያለበት ምስል ከዴቢ ምስል ጋር በመጠን እንኳን አይገጥምም። ብዙዎቹ ተቺዎች ይህን እንደ ስህተት ቆጥረው ፊልሙ ተበታተነ ብለዋል። እውነት ነው፣ ተበታትኗል። ነገር ግን የአሜሪካ ስድሳዎቹ ለአንድ ከተማ ልጆች ያደረጉት ይህንኑ አይደለም ወይ? በ1965 መጨረሻ 184 ሺህ ገደማ የነበረው በቬትናም የሚገኝ የአሜሪካ ጦር በ1967 መጨረሻ ወደ 485 ሺህ አድጓል። ኮሌጅ የገባው ከምልመላ ጊዜያዊ እፎይታ ሲያገኝ ያልገባው ዘምቷል፤ ሦስተኛው ድንበር ተሻግሯል፣ አራተኛዋ ሳን ፍራንሲስኮ ገብታ ሌላ ሰው ሆናለች። እነዚህን ወጣቶች በአንድ ወጥ ምስል መሰብሰብ ለተመልካች ደስ ባለ ነበር፣ ሐሰት ግን በሆነ ነበር።

አራቱ ክፍሎች በእርግጥ እኩል አይደሉም። የ1966ቱ ክፍል ዓይን ያደክማል፤ የተከፋፈለው ስክሪን መጀመሪያ ላይ የዘመኑን ሁካታ ቢያስታውስም፣ ኋላ ላይ አንድን ተራ ንግግር ከሦስት አቅጣጫ ከማሳየት ያለፈ የሚጨምረው ነገር የለም። በዚህ ክፍል የማይረሳው ሃሪሰን ፎርድ ነው። በ1962ቱ ሌሊት ሚልነርን ሊቀድም ሞክሮ መኪናው የተገለበጠበት ቦብ ፋልፋ እዚህ የሞተር ብስክሌት ፖሊስ ሆኖ ይመጣና የዴቢን ጓደኛ በማሪዋና ይይዘዋል። ፎርድ በዚያን ጊዜ የታወቀ ኮከብ ሆኖ ሳለ ስሙ በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የቀድሞው የመንገድ ጎረምሳ የሕግ አስከባሪ መሆኑ፣ ብዙ ንግግር ከሚሞላባቸው ትዕይንቶች ይልቅ ዘመኑን ይገልጻል።

የቬትናሙ ክፍል የተሻለ ነው፤ የተሻለ የሆነበት ምክንያትም አለው። ሉካስ ከድርሰት ጸሐፊው ከጆን ሚሊየስ ጋር ስለ ቬትናም ጦርነት በ16 ሚሊ ሜትር፣ በዘጋቢ ፊልም መልክ የሚቀረጽ ሥራ ለዓመታት ሲያቅድ ኖሮ፣ ሥራው በመጨረሻ ወደ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ተላልፎ ፍጹም ሌላ መልክና ስፋት ይዞ ‹አፖካሊፕስ ናው› በሚል ስም ኦገስት 15 ቀን 1979 ወጥቷል፤ ይህም ‹ሞር አሜሪካን ግራፊቲ› ከታየ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የቴሪ ዋዜማ የዚያ ያልተሠራ ፊልም ቅሪት ይመስላል። ሄሊኮፕተሮቹ፣ ምንም የማይሰሙት አለቆች፣ ሰበብ ፈልጎ ወደ አገሩ ለመመለስ የሚታገለው ወታደር፣ ሁሉም በዜና እንደሚታይ ነገር ፈጠን ብለው ያልፋሉ። ከ1962ቱ ሌሊት የምናውቀው፣ ፋራኦዎቹ የተባለው የጎረምሶች ቡድን መሪ ጆ እዚያም አለ፤ አገራችን ስንገባ ቡድናችን ውስጥ አስገባሃለሁ ብሎ ለቴሪ ቃል ገብቶለታል። ጆ ይገደላል። የሞዴስቶ የጎረምሶች ክብር፣ ያ የቆዳ ጃኬትና ያ ቡድን፣ ጭቃ ውስጥ ትርጉሙን ሲያጣ የሚታይበት ይህ ቅጽበት የፊልሙ እውነተኛ የጦርነት ትዕይንት ነው።

ሆኖም ፊልሙ ትልቁን ስህተት የሚሠራውም እዚሁ ነው። ቴሪ ሞቱን አስመስሎ ከጦሩ ይጠፋል። የ1973ቱ ‹በውጊያ ላይ ጠፍቷል› የሚለው መስመር በዚህ ተንኮል መልስ ያገኛል፤ ጠፋ የተባለው ሰው አምልጦ ነው። ተመልካቹ እፎይ ይላል፤ ግን ምን ተከፍሎ? በ1979 ከቬትናም ያልተመለሱ ልጆቻቸው ዕጣ ያልታወቀ ብዙ የአሜሪካ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ለእነርሱ ያ መስመር እውነተኛ ቴሌግራም ነበር። ተከታዩ ፊልም ጓደኛሞቹን ለመበተን ድፍረት ሳያጣ፣ አንዱን በእውነት ለማጣት ግን ድፍረት አጣ።

በሚልነር ላይ ግን አላፈገፈገም። የእርሱ ዋዜማ ከአራቱም የቀደመው ነው። ቀኑን ሙሉ በድርጅት የሚደገፉ ባለ ገንዘብ ተወዳዳሪዎችን በራሱ ጉልበት ሲታገል ውሎ፣ እንግሊዝኛ ከማትችል ኤቫ ከተባለች የአይስላንድ ወጣት ጋር በምልክት ሲግባባ አምሽቷል። በ1965ቱና በ1966ቱ ክፍሎች ውስጥ ሰዎች የሞቱን መታሰቢያ ያነሳሉ፤ ስለዚህ ፊልሙ በሙሉ ሲታይ ሚልነር በአንዱ ክፍል ሕያው ሆኖ ሲስቅ በሌላው የሞተ ሰው ነው። እኩለ ሌሊት ሲደርስ በአራቱም ዓመታት ያሉ ሰዎች አንዱን የስንብት መዝሙር ይዘምራሉ፤ ከዚያ የሚቀረው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ሚልነር ቢጫ ፎርዱን ይዞ ከፍና ዝቅ በሚል የገጠር መንገድ ላይ በጨለማ ይሄዳል። ከፊት ለፊት የሌላ መኪና መብራት ይመጣል። ሁለቱም ከኮረብታው ጀርባ ይሰወራሉ፤ የእርሱ የኋላ መብራት ወዲያ ማዶ አይወጣም፣ የዚያኛውም የፊት መብራት ወዲህ አይመጣም። የግጭት ድምፅ የለም፣ እሳት የለም። የዘመኑ ግርግር ሁሉ ከታየ በኋላ ፊልሙ የሚያበቃው ከዚያ ግርግር አብዛኛው ከመምጣቱ በፊት በሞተ ልጅ ነው፤ በጊዜ ቅደም ተከተል ቢተረክ ኖሮ ይህ ትዕይንት የፊልሙ ሩብ ላይ መጥቶ ያልፍ ነበር። የአራቱን ቀናት መፈራረቅ የሚተቹ ሰዎች ይህን መጨረሻ እንዴት በሌላ መንገድ ማግኘት እንደሚቻል አልነገሩንም።

ስለ ሴቶቹም መነገር ያለበት አለ። በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ የወደፊት ዕጣቸው የተጻፈላቸው አራት ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሎሪ፣ ዴቢና በሚልነር መኪና ስትዞር ያመሸችው ትንሿ ካሮል ምን እንደሆኑ አንድ መስመር እንኳን አልተጻፈም፤ ይህም በጊዜው ከባድ ትችት አስነስቷል። ተከታዩ ይህን በከፊል አርሞታል። ዴቢ ከአራቱ ዓመታት አንዱ ሙሉ በሙሉ የእርሷ ነው፤ ከማይረባ ፍቅረኛ ጋር ከመንከራተት ተነስታ የካንትሪ ሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ እስከ መሆን ትደርሳለች። የ1967ቱ ክፍል ጠብም የሚነሳው ከሎሪ ነው። መንታ ልጆች ወልዳለች፤ ሥራ መያዝ ትፈልጋለች፤ ስቲቭ የልጆች እናት መሆን ይበቃሻል ይላታል። ብሔራዊ የሴቶች ድርጅት ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት ተኩል በሆነበት ጊዜ፣ ይህ ክርክር በብዙ የአሜሪካ ማእድ ቤቶች ውስጥ የሚካሄድ ነበር፤ ጦርነቱን በሰልፍ ከማየት ይልቅ ዘመኑን የሚያሳይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጠብ ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ድርሰቱ አያምነውም። ባልና ሚስቱን ቶሎ ብሎ ከቤታቸው አውጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ፖሊስና ተማሪ በሚጋጩበት ፀረ ጦርነት ተቃውሞ መሐል ይጥላቸዋል፤ በዚያም የግል ጥያቄያቸው በጩኸትና በሩጫ ይዋጣል።

ተመልካቹ ይህን ለመቀበል ለምን እንደተቸገረ ለመረዳት በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን ማስታወስ ይጠቅማል። ስቲቭን የሠራው ሮን ሃዋርድ ከ1974 ጀምሮ በየሳምንቱ ‹ሃፒ ዴይስ› በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ላይ የሃምሳዎቹን ጨዋ ልጅ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ሎሪን የሠራችው ሲንዲ ዊልያምስ በ1978 እና 79 የቴሌቪዥን ወቅት ከሁሉም በላይ በታየው ‹ላቨርን ኤንድ ሸርሊ› ላይ ከሁለቱ መሪ ተዋንያን አንዷ ነበረች። የመጀመሪያው ፊልም ራሱ የቀሰቀሰው ትዝታ በየቤቱ ገብቶ ሳቅ ሆኖ ተቀምጧል። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በሲኒማ ውስጥ ሲጨቃጨቁና በፖሊስ ሲባረሩ ማየት፣ ሞዴስቶን ፍለጋ ቲኬት ለቆረጠ ሰው ክህደት ቢመስለው አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የቬትናምን ቁስል በቁም ነገር ማየት የፈለገ ተመልካች በ1978 የወጡና በ1979 ጸደይ የኦስካር ሽልማቶችን የተካፈሉ ሁለት ከባድ ፊልሞች ቀርበውለት ነበር። ‹ሞር አሜሪካን ግራፊቲ› በሁለቱ መካከል ቀረ፤ ለትዝታ ፈላጊው መራራ፣ ለቁም ነገረኛው ቀላል ሆነ። ገቢውም ከመጀመሪያው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ከሁሉም በላይ የሚጎድለው ግን ከርት ነው። ሪቻርድ ድራይፈስ ከዋነኞቹ ተዋንያን መካከል ያልተመለሰ ብቸኛው ነበር፤ ክፍተቱን ለመሙላት የሎሪ ታናሽ ወንድም አንዲ ተፈጥሮ የ1967ቱን ተቃውሞ እንዲወክል ተደርጓል። ልጁ መጥፎ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ ግን ተመልካቹ አያውቀውም፤ በአንድ ሌሊት ሙሉ መሄድና መቅረት መካከል ሲዋልል ያየው ልጅ አይደለም። የ1973ቱ መስመር ከርት ለምን ካናዳ እንደሚኖር አልተናገረም፤ በዚያን ጊዜ ምልመላን ሸሽተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ድንበር ስለተሻገሩ ግን ማብራሪያ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ፕሬዚዳንት ካርተር ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1977፣ ለእነዚህ ወጣቶች ምሕረት አድርገዋል፤ ብዙዎቹ ግን በዚያው መኖርን መርጠዋል። ተከታዩ ፊልም ሲቀረጽ ጉዳዩ ትኩስ ነበር፤ በአገራቸው ጉዳይ አገራቸውን ለቀው የቀሩ ልጆች እንደ ዘማቾቹ ሁሉ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ቶሮንቶ ወይም ቫንኩቨር ውስጥ፣ አምስተኛ ዋዜማ ላይ፣ ከርት ስለ ጓደኛው ስለ ሚልነር ሞት ሲሰማ የሚያሳይ ትዕይንት አልተጻፈም፤ ሦስተኛ ፊልምም አልተሠራም።